ስድሳዎቹ ዛፎችና የካፖርቴ ቁልፍ

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ

ዛሬ ልኬት ጀመርኩ። መለካት ከያዝኩ ሃምሳ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከሰፈራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስድሳ የዋልነት ዛፎች፣ ያው እንደ ዱሮው ከአንድ እስከ ስድሳ ቁጥር የተሰጣቸው። ከደን ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልኪ ያለኝ የለም፤ ተዪው ያለኝም የለም።

ቀኑ በንዴት ተጀመረ። ሜሬም፣ የልጄ ሚስት፣ የሜትሬን መስቀያ ከፍ አድርጋ ቸንክራዋለች። በጣቴ ጫፍ ብቻ ደረስኩበት።

“ማነው ይሄን ያነሳው?” አልኳት።

“አፓ፣ እናቴ፣ ማንም አልነካውም። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባም እዚሁ ነበር።”

“እና እጄ ነው ያጠረው?”

ጎንበስ ብላ ጠርዜን አየች። የካፖርቴ ጠርዝም መሬት ይጠርጋል። የዘመኑ ሱፍ ይለጠጣል፤ ድሮ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይሸጥም ነበር። “ዛሬ ትንሽ ላሳጥርልዎት” አለች። ከሁለት ዓመት በፊትም አሳጥራው ነበር። አሳጥሪው፣ ቁልፎቹን ግን እንዳትነኪ አልኳት።

አምስት ዛፍ ለካሁ። ሁሉም አድገዋል።

ሴፕቴምበር 4፣ ረቡዕ

ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ አንዲት ልጅ መጥታለች። ቤጊማይ ትባላለች፤ ከምርምር ተቋም ነኝ አለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሱሪዋ ኪሱ ብዙ ነው። የመጣችው ደኑ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘና ዛፎቹ ወደ አየር ምን እንደሚለቁ ልትለካ ነው። ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ በላስቲክ ከረጢት ታስርና ውስጡ የተጠራቀመውን አየር በቀጭን ቱቦ ትስባለች።

ሰፈሩ በሳቅ ሊሞት ነው። የደን ተጠቃሚዎች ሊቀመንበር የሆነው ኦሮዝቤክ፣ አርባ ላሞቹን እየነዳ ሲያልፍ ጮኸ፦

“እህቴ፣ ዛፉ ፈሱን ከያዘብሽስ? እስከ ክረምት ልትጠብቂው ነው?”

“የእርስዎ ላሞች አይዙም፣” አለችው፤ “እነሱንም ልለካቸው አስቤያለሁ።”

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅኩ።

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተጣላን።

አሥራ ሰባት ቁጥርን ለካሁ። የተዳፋቱ ንጉሥ ነው። ዙሪያው ባለፈው ዓመት 351.2 ሳንቲሜትር ነበር፤ ዘንድሮ 351.9። ቤጊማይ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። ከዚያ ቀይና ነጭ የተቀባ የከፍታ መለኪያ እንጨቷን ግንዱ ሥር ተከለችና፣ ከእኔ ከፍ አድርጋ ሜትሯን ጠመጠመች።

“347.5” አለች።

“እንደገና ለኪ።”

ለካች። 347.5።

“አፓ፣ እርስዎ ከፍታውን በምንድነው የሚይዙት?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ! ነገርኳት። በደን ትምህርት ቤት ቬራ ስቴፓኖቭና የምትባል መምህርት ነበረችን፤ አንዲት ነቁጥ ብትዘነጋ ገጹን በሙሉ ታስቀድድሃለች። ግንድ የሚለካው ከመሬት 130 ሳንቲሜትር ላይ ነው፣ ከተዳፋቱ የላይኛው ወገን ተቁሞ። እያንዳንዳችንን ግድግዳ ላይ አስጠግታ 130 በካፖርታችን ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ፈለገች፤ እዚያ ላይ በቀይ ክር ቁልፍ አሰፋችን። “እንጨቱን ቤቱ ረስቶ የመጣ ተማሪ አይቻለሁ፤ ደረቱን ረስቶ የመጣ ግን አላየሁም” ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ካፖርት ቀይሬያለሁ። አሮጌውን በአዲሱ ላይ ዘርግቼ ያን ቁልፍ፣ ከላይ ሁለተኛውን፣ በቦታው ላይ አስፍሬዋለሁ። በአንድ ክር ውፍረት እንኳ አልሳትኩም።

“እንጨት ይደርቃል፣ ያጥራል፣ ይጣመማል፣” አልኳት። “የእኔ ቁልፍ ግን ሃምሳ ሦስት ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም።”

ልጅቷ አየችኝ። ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ደብተሯ መለሰች። እንዲህ ያለ አስተያየት አልወድም።

ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

የባለቤቴ የሳማት ነገር ትናንት ትዝ አለኝ። እሱ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ከፊቴ እየሄደ የልኬቱን መስመር በነጭ ቀለም ያድስ ነበር። በ1998 ሞተ። ቀለሙን ዝናብ አጠበው፤ የቀረውን አረንጓዴው የዛፍ ሽበት ለበሰው። ቀለም ልገዛ አስቤ አልገዛሁም። ለምን እንዳልገዛሁ አላውቅም። ቁልፉ ነበረኛ።

ሴፕቴምበር 11፣ ረቡዕ

ኦሮዝቤክ ማር ይዞ መጣ። እዚህ ሰፈር ሰው ማር ይዞ ሲመጣ ጆሮን ማቅናት ነው።

ቤጊማይ የምትጽፈው ለደን ቢሮ ነው፣ አለኝ። ደኑ ማደጉን ካቆመ፣ አሮጌዎቹ እየበሰበሱ የያዙትን ወደ አየር የሚመልሱ ከሆነና ችግኝ ከሌለ፣ ተዳፋቱ ለአሥር ዓመት ይታጠራል። ከብት አይገባም። ፍሬ አይለቀምም፤ የወደቀው እዚያው እንዲበቅል። ስብሰባው ኦክቶበር 12 ነው።

“አፓ፣ የእርስዎ ደብተር አለ፣” አለ። “ሃምሳ ዓመት! የትናንት ልጅ ከረጢት አንጠልጥላ መጥታ ‘አላደገም’ ስትል፣ እኛ ደብተሩን እንገልጣለን። በየዓመቱ አድጓል። አለቀ።”

“ደብተሬ ለላሞችህ አልተጻፈም።”

“ለልጅዎም ለኤርኪን ነው እኮ። የእሱም የለቀማ ድርሻ እዚያው ላይ አይደል?”

ነው። አሥራ ሰባት ቁጥርም በድርሻችን ውስጥ ነው። ኤርኪን ኦሽ ከተማ መኪና ይነዳል፤ ሜሬምና ልጆቹ ክረምቱን የሚያልፉት በዋልነቱ ነው።

ኦሮዝቤክን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ስለ ደን አስተምር ነበር። “ዛሬ በደረቴ ልክ ዛፍ ላይ ምስማር ብመታ ከሃያ ዓመት በኋላ ምስማሩ የት ይሆናል?” ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱ “ከራስዎ በላይ!” ብሎ ዘለለ። ዜሮ ሰጠሁት። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው በጫፉ ነው፤ ምስማሩ ከተመታበት አይነቃነቅም። ይህን አስታወስኩት።

“እስካሁን ያችን ዜሮ አልረሱልኝም?” ብሎ ሳቀ።

“አልረሳሁም፣ ምክንያቱም አልታረምክም።”

ግን ደብተሩን ይዤ እንደምመጣ ቃል ሰጠሁት። ለምን አልሰጥም? ቁጥሬ ትክክል ነው።

ሴፕቴምበር 13

ዝናብ። አልወጣሁም። ጉልበቴ።

ሴፕቴምበር 16፣ ሰኞ

ለጉልበቴ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ አዲስ ናት፤ ማስቲካ ታኝካለች። ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ ከዚያ ቁመት መለኪያው ሥር።

“149” ብላ ጻፈች።

“158 ነኝ። ካርዴን እዪው።”

“አፓ፣ መለኪያው ነው ያለው።”

“መለኪያሽ ተሰብሯል! የመንግሥትን ዕቃ እንዲህ ነው የምትይዙት? ይህን ቁጥር ሐኪም አይቶ መድኃኒት የሚያዝዝ ከሆነ እግዜር ይሁናችሁ!”

ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። የኦሮዝቤክ እናት “ተዪያት ቡሩልካን፣ እኔንም ባለፈው ወር ስድስት ሳንቲሜትር ሰርቀውኛል” አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። 158 እንድትጽፍ አደረግኳት። ጻፈች።

የመንግሥት መለኪያ ሲበላሽ ማንም ግድ የማይሰጠው ሀገር።

ሴፕቴምበር 20፣ ዓርብ

ለቀማ ተጀመረ። ሰፈሩ ባዶ ነው፤ ሁሉም ድንኳኑን ይዞ ደን ገብቷል። በኤፕሪል ውርጭ አበባውን ስለመታው ፍሬው አነስተኛ ነው። ወንዶቹ ወጥተው ቅርንጫፍ ያራግፋሉ፣ ሴቶቹ ከሥር ይለቅማሉ። የሜሬም እጅ ከልጣጩ የተነሳ እስከ ክንዷ ጠቁሯል፤ እስከ አዲስ ዓመት አይለቅም።

ላሞቹም አብረው ገብተዋል። ባለፈው ፀደይ ሠላሳ ሁለት ችግኝ ቆጥሬ ነበር። ዛሬ ቆጠርኩ፤ አንድም የለም። ለኦሮዝቤክ እረኛ ነገርኩት። “ሣር መስሏቸው ነው” አለኝ። ሣር መስሏቸው! ላም ምን እንደሚመስላት አንተ ምን ታውቃለህ?

ሴፕቴምበር 25፣ ረቡዕ

ቀትር ላይ ደክሞኝ አሥራ ሰባት ቁጥር ሥር ተኛሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር በዱላ ታስነሳኝ ነበር፤ ዋልነት ሥር የሚተኛ ከባድ አየር ይጫነዋል፣ ራሱን ይዞት ይነሳል ይባላል። እውነትም ራሴን ይዞኝ ነቃሁ። ቤጊማይ ከአጠገቤ ተቀምጣ የደረቀ የእርጎ እንክብል ትቆረጥማለች።

“እንዳልቀሰቅስዎት ፈራሁ” አለች።

“ከረጢትሽ ይህን ከባድ አየር ይዞታል?”

“የያዘው ነገር አለ። ቅጠሉ ሽታ ያለው አየር ይለቃል፣ ሙቀት ሲበዛ ይጨምራል። ራስ ምታት ያመጣል ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ አላውቅም። ሳልለካ አልልም።”

ይህን መልስ ወደድኩት። ቬራ ስቴፓኖቭናም ትወደው ነበር።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አፓ፣ አንድ ጊዜ እንጨቴን ከቁልፍዎ ጎን ላቁመው?” አለችኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። ደብተሬን እዚያው ረስቼ ነበር፤ አምጥታ ያለ ቃል ደጃፍ ላይ አስቀመጠችልኝ። ባለጌ አይደለችም። ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ኦክቶበር 1፣ ማክሰኞ

ኃይለኛ ነፋስ። ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ከተዳፋቱ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማል።

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

አርባ አንድ ቁጥር ወደቀ።

ሰው አልጎዳም፤ የሜሬም ድንኳን ከዚያ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። የዛፉ ውስጥ ባዶ ነበር። ጥጃ ሊቆምበት ይችላል። ልጆቹ በአንድ ወገን ገብተው በሌላው ይወጣሉ። በደብተሬ ላይ ይህ ዛፍ ባለፉት ሃያ ዓመታት ዙሪያው አራት ሳንቲሜትር ጨምሯል። ቤጊማይ የበሰበሰውን እንጨት በእጇ ፈረፈረችው። “ይሄ ሁሉ ዱሮ ካርቦን ነበር፣” አለች። “አሁን አየር ላይ ነው።”

ሲወድቅ ሽበቱ ከግንዱ ላይ እንደ ቆዳ ተገፏል።

አሁን ልጽፍ አልችልም።

ኦክቶበር 3

ልጻፈው።

ሽበቱ ከተገፈፈበት ሥር የሳማት መስመር አለ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ በአንድ ብሩሽ የተሳበ፤ እጁን አውቀዋለሁ። ግንዱን ከመለካቴ በፊት ሁልጊዜ ሽበቱን በቢላ ጠርጌ ለሜትሩ ጠባብ መንገድ አወጣለታለሁ። ባለፈው ወር የጠረግኩትም እዚያው ላይ አለ፣ ትኩስ። ከሳማት መስመር በታች ነው። በመካከላቸው እጄን አጋደምኩ። አንድ ጋት፤ ትንሽም ተርፎታል።

ዛፍ ወደ ሥሩ ሲጠጉ ይወፍራል።

መጀመሪያ ሳማት ተሳስቷል አልኩ። ሳማት መስመር አይስትም። ከዚያ ቀለሙ ከዛፉ ጋር ወደ ላይ ሄዷል አልኩ። ይህን በአእምሮዬ አልኩ፤ እኔ፣ ለአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚህ መልስ ዜሮ የሰጠሁ ሴት።

ምስማሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

ኦክቶበር 4

ካፖርቴን ለብሼ ከግድግዳው ተጠጋሁ። የብረት ሜትር። ከወለሉ እስከ ሁለተኛው ቁልፍ። ሦስት ጊዜ።

121

121

121

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ሦስት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። ሜሬም ሾርባ እያስቀመጠች ትወጣለች።

መስቀያውን ማንም አላነሳውም። ሱፉ አልተለጠጠም። የነርሷ መለኪያ ደህና ነው፤ ምስኪኗን በሰው ፊት አዋርጃታለሁ፣ በግድም ውሸት አስጽፌያታለሁ። ሜሬም ስንት ዓመት ነው ጠርዜን እያጠፈች የምትሰፋው? አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሚረዝም አልነገረችኝም። ብትነግረኝስ እሰማት ነበር?

ከራሴ በላይ የሚያናድደኝ ግን የለም። የሰውን ልጅ ገጽ በአንዲት ነቁጥ ስቀድ ኖሬ፣ የራሴን ዘንግ ሃያ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ ከወለል ላይ አልፈተሽኩም። ካፖርትን ከካፖርት ጋር አመሳከርኩ! በየትኛው ዓመት ስንት እንዳጠርኩ አላውቅም፤ ስለዚህ አስልቼ ላርመው አልችልም። ከሳማት ሞት ወዲህ ያለው ሁሉ ወዳቂ ነው።

የትምህርት ቤታችን ሕግ፦ ስህተት አይፋቅም። በማስመሪያ አንድ ቀይ መስመር ይሰረዛል፣ የተሰረዘው መነበብ አለበት፣ ከጎኑ ስም ይፈረማል።

ስድሳ ዛፍ፣ ሃያ አንድ ዓመት። ዛሬ ጀመርኩ።

ኦክቶበር 9

ስሰርዝ ዋልኩ። ለመሰረዝ የቀረኝ የአራት ዓመት ገጽ ነው።

ሜሬም ቀዩን ቀለም አየችና፣ “አፓ፣ ምን እያደረጉ ነው?” አለች። ነገርኳት፤ ተዳፋቱ ከታጠረ የእኛም ድርሻ እንደሚታጠር ጭምር። ጥቁር እጆቿን አየች።

“አሥራ ሰባት ቁጥርም ባዶ ነው?” አለች።

“አላውቅም። ሊሆን ይችላል።”

“ልጆቹ ከሥሩ ነው የሚተኙት” አለች። ድንኳኗን ዛሬውኑ ነቀለች።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ሆነ። ሰባ ሰው ያህል። ከደን ቢሮ የመጣው ሰውዬ ሰዓቱን ያያል። ቤጊማይ ቁጥሯን አነበበች፤ በተዳፋቱ ያለው እንጨት ማደጉን አቁሟል፣ ከሦስት አሮጌ አንዱ ባዶ ነው፣ ችግኝ የለም። ከኋላ “ከረጢቱን አሳዪን!” እያሉ አፏጩ።

ኦሮዝቤክ ተነሳ። “ሰዎች፣ ይህች እህታችን ስድስት ሳምንት ለክታለች። የእኛዋ አፓ ሃምሳ ሦስት ዓመት! አፓ፣ ይግለጡልን!”

ደብተሩን ገልጬ ለቢሮው ሰው ሰጠሁት። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር።

“ይህ ምንድነው?” አለ።

“ከ1999 ወዲህ የጻፍኩት ትክክል አይደለም፣” አልኩ። “እስከዚያ ያለውን ይጠቀሙበት። የአሥራ ሰባት ቁጥር በ1998 347.1 ነበር። የዚህች ልጅ 347.5 ነው። በሃያ አንድ ዓመት አራት ሚሊሜትር። ዛፎቹ አልወፈሩም። እኔ ነኝ ያጠርኩት።”

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

ኦሮዝቤክ ፊቱ ቀላ። “አፓ፣ እርጅና ነው እንግዲህ፣ ሰው ይዘባርቃል። የገዛ ልጅዎ በከንቱ ሊደኸይ ነው! ለራስዎ ምራት እንኳ አያዝኑም?”

“ዘባርቄስ ሃያ አንድ ዓመት ዘባረቅኩ፤ ያኔ ማር ይዘህ መጣህ። ዛሬ ሳልዘባርቅ ነው የተቆጣኸው። በፀደይ ሠላሳ ሁለት ችግኝ ነበር፣ ኦሮዝቤክ። የት ናቸው? ግንድ ለማውጣት አንድ ትውልድ የሚፈልጉ ዛፎች በአርባ ላም ሆድ ውስጥ ናቸው። ቁመቴን አንተ አልወሰድከውም፤ ያንን የወሰደው ዕድሜዬ ነው። ችግኞቹን ግን አንተ ነህ የወሰድከው። ተቀመጥ!”

ተቀመጠ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ እንደ ቅዳሜው ልጅ ተቀመጠ።

ተዳፋቱ እንዲታጠር ተወሰነ፤ አጥሩ በፀደይ ይተከላል። ስወጣ መንገድ የከለከለኝ የለም፤ ሰላም ያለኝም የለም። ሜሬም ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን ይቅርታ ጠየቅኳት። ካርዱ ላይ 158ቱን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ ፈረምኩ። “በካርድ ላይ መጻፍ ክልክል ነው” አለችኝ። ልክ ናት።

ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ገዛሁ። ቤጊማይ እንጨቷን ትይዛለች፣ እኔ ብሩሹን። እንጨቱን አስቀድሜ በብረት ሜትር ፈትሼዋለሁ፤ ልክ ነው። ተለዋውጠን ልጅቷ መስመር ስትስብ እጇ ይጣመማል። ሁለት ጊዜ አስፍቄ አስደገምኳት። ቅር አላላትም።

ቤት ስመለስ የሜትሬ መስቀያ ከበፊቱ አንድ ጋት ዝቅ ብሎ ተቸንክሯል። ቀዳዳው ከላይ ይታያል፤ ሜሬም በኖራ ልትደፍነው ነበር፣ ተይው አልኳት። ሜትሬን ሰቀልኩ። አልተንጠራራሁም።

የዘንድሮውን ገጽ አዲስ ጀመርኩ፤ ቁጥር፣ ልክ፣ ሁኔታ። አሥራ ሰባት፦ 347.5፣ ቆሟል። አርባ አንድ፦ ወድቋል፣ ባዶ። ከስድሳው በታች አንድ መስመር ተርፎ ነበር። ባዶ መስመር መተው አልወድም።

ቡሩልካን፦ 149፣ ቆማለች።